ድርሻው እኩል የሆነበት ሳምንት

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ቢሾፍቱ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሳን ፍራንሲስኮው ቀይ ድልድይ ነው። ድልድዩን አላየሁትም። አንድ ቀን ሊያሳዩኝ ተነስተው ነበር፤ በኋላ በምነግራችሁ ምክንያት ቀረ። እኔ ያየሁት የመዋኛ ገንዳ ነው። የእህቴን ቤት አየሁ፣ የመኪና መንገድ አየሁ፣ አንድ ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ አየሁ፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሼ ያንኑ ገንዳ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የስፖርት መምህርት ነበርኩ። ታናሽ እህቴ አስቴር ከባሏ ከግርማ ጋር ካስትሮ ቫሊ በሚባል፣ ከኦክላንድ ወጣ ያለ ሰፈር ትኖራለች። ሶልያና የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሶልያና ሳን ሆዜ ከተማ ባለ ኮሌጅ ነርሲንግ ትማራለች፤ ለኮሌጁም ትዋኛለች። የትምህርቷንና የዶርሟን ወጪ የሚሸፍንላት ስኮላርሺፕ የተገኘው በዋናተኛነቷ ነው። እኛ እኮ ሐይቅ ዳር ተወልደን ውኃ እየፈራን ያደግን ሰዎች ነን። ከዘራችን ዋናተኛ መውጣቷን በዓይኔ ማየት አለብኝ ብዬ ነው ቪዛ የጠየቅኩት።

እሑድ

ከቦሌ የተነሳሁት ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ሳን ፍራንሲስኮ ስንደርስ ግን ገና እሑድ ነው። ጉልበቴ ታስሮ፣ እግሬ አብጦ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደ ፓስፖርት መርማሪው ቀረብኩ። ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ።

«ዋና ለማየት» አልኩት በዚያችው በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ።

ፓስፖርቴን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፓስፖርቴን አየ። «ከኢትዮጵያ? ሩጫ አይደለም?»

«የእህቴ ልጅ ናት። ትዋኛለች።»

ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ። ሽሮዬንና በርበሬዬን ለመፈተሽ የጠራኝ የለም። በዚያ ሳምንት ውስጥ ያለ ሐሳብ የተሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሊቀበለኝ የመጣው ግርማ ብቻውን ነበር። ግርማ ሕመምተኞችን ከቤታቸው ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ከሠርጋቸው ጀምሮ የማውቀው ተጫዋች ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ጉንጬን ስሞ፣ ሻንጣዬን ጭኖ፣ «አስቴር ሺፍት ላይ ናት፣ አላሜዳ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ማታ ነው የምትወጣው» ብቻ ብሎኝ መኪናውን አስነሳ። ትንሽ እንደሄድን ሬዲዮውን ከፈተ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህችን ብቻ ልስማ።»

በሬዲዮው የሚያወራው ሰውዬ ይፈጥናል። ከሚለው ሁሉ ጆሮዬ የያዘው «ኢኩዋል ሼር»፣ እኩል ድርሻ፣ የሚለውን ነው፤ ደጋግሞ ይለዋል። ግርማ መሪውን ጨብጦ የያዘበት እጁ ጅማቱ ተገታትሮ ነበር። ዜናው ሲያልቅ ሬዲዮውን ዘጋና አስረዳኝ።

እዚህ አገር ኮሌጆች የሚወዳደሩት ኮንፈረንስ በሚሉት ማኅበር እየተደራጁ ነው። ቴሌቪዥኑ ገንዘቡን ለኮንፈረንሱ ይከፍላል፣ ኮንፈረንሱ ለአባላቱ ያከፋፍላል። የሶልያና ኮሌጅ በትንሽ ኮንፈረንስ ውስጥ ነበር። አንድ ትልቅ ኮንፈረንስ ሊሰፋ ፈልጎ እሱንና ሌሎች ኮሌጆችን ጋበዘ፤ ግብዣውን ተቀበሉ። አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። አዲሶቹ ገቢዎች ከነባሮቹ ጋር እኩል ድርሻ ያገኛሉ ወይስ ለተወሰኑ ዓመታት ግማሽ ብቻ? የኮሌጆቹ ፕሬዚዳንቶች በዚህ ሳምንት ተሰብስበው ድምፅ ይሰጣሉ።

«ሙሉ ድርሻ ካገኘን ዋና ይቀጥላል ይሉናል» አለ ግርማ። «ግማሽ ከሆነ መጀመሪያ የሚዘጋው እሱ ነው ይባላል።»

«ማነው የሚለው?»

«የኮሌጁ ሰዎች። ሁሉም በቃል ነው።»

«እንደ እድር ነዋ! አዲስ ገቢ መግቢያውን ከፍሎ፣ ጊዜ ጠብቆ ነው ከነባሩ ጋር የሚተካከለው።»

ግርማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ልክ እንዲያ ነው። ልዩነቱ እዚህ ድንኳኑን የሚተክልልዎት ቴሌቪዥን ነው።»

ሰኞ

ካስትሮ ቫሊ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ የመኖሪያ ሰፈር ነው። በመስኮት ሳይ አረንጓዴው ዳገት የእኛን አገር የመስከረም ሜዳ ይመስላል፤ ሰው ግን የለበትም። ጠዋት ሙሉ መስኮቱ ላይ ቆሜ ያየሁት አንዲት ውሻ የምታናፍስ ሴትዮና ፖስተኛውን ነው። እኛ ጋ ይህን ያህል ሰዓት በር ላይ የቆመ ሰው የግማሽ ቀበሌውን ሰላምታ ይመልስ ነበር።

አስቴር እኔን ብላ ከሥራ ቀርታለች። ቀይ ወጥ ሠርታ፣ አልጋዬን ቀይራ አንጥፋ፣ እግሬን በሞቀ ውኃና በጨው ካላጠብኩ ብላ ስትታገለኝ አደረች ማለት ይቻላል። ምሳ ላይ ስለ ኮንፈረንሱ ሳነሳ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«እትዬ፣ እባክሽ በዚህ ቤት እሱን አታንሺ። ቡድኑ ቢዘጋም እስክትመረቅ ድረስ ስኮላርሺፑን አንነካም ብለዋል። ልጅቷ ነርስ ትሆናለች። ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?»

«ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ውኃ ውስጥ ያደገችውን ልጅ» አለ ግርማ ከወዲያ ጥግ፣ ስልኩን እያየ፣ «ውጪ ሲሏት ዝም ብላ የምትወጣ ይመስልሻል?»

«ከውኃው መውጣት ገደላት እንዴ! እኔስ ከስንት ነገር ወጥቼ ነው እዚህ የደረስኩት?»

ከሰዓት በኋላ ድልድዩን ልናይ ጫማችንን አድርገን ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ የግርማ ስልክ ጮኸ፤ የፕሬዚዳንቶቹ ስብሰባ ተጀምሯል። ግርማ ወሬውን ልስማ ብሎ ሶፋው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። አስቴር ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና መኝታ ቤት ገባች። እኔ ነጠላዬን እንደለበስኩ በሁለቱ መሐል ቆሜ ቀረሁ። ድልድዩ የቀረው እንዲህ ነው።

ማክሰኞ

ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። የእነሱ የጥር ዝናብ እንደ እኛ ሐምሌ ደብድቦ የሚያባራ አይደለም፤ ሲያካፋ ይውላል። አስቴር ሥራ ገባች፣ ግርማ ደግሞ ሶልያና ስትለማመድ እንዳያት ወደ ሳን ሆዜ ይዞኝ ወጣ። መንገዱ የአዳማውን ፈጣን መንገድ ጎን ለጎን ደርባችሁ ብትዘረጉት ነው፤ ያም ሆኖ መኪናው አልንቀሳቀስ ብሎ ተጨናንቋል። ግማሽ ያህል እንደሄድን የኋላ ጎማችን ፈነዳ።

ግርማ መኪናውን እንደምንም ዳር አወጣው። ከባድ መኪኖች አጠገባችን ባለፉ ቁጥር ውኃ ይረጩብናል፣ የእኛዋ ትወዛወዛለች። ግርማ ስኮርት ጎማውን አወጣ፣ ብሎኑ ግን ዝጎ አልፈታ አለው። ዝናቡ ራሱን እየመታው ሲታገል አንድ አሮጌ ፒካፕ ከፊታችን ቆመ። የሜክሲኮ ሰው ነው፣ ዕድሜው ከግርማ ይበልጣል። መጀመሪያ ወደ እኔ መጥቶ በሩን ከፈተና ከመንገዱ አርቆ ሳሩ ላይ አቆመኝ፤ ዣንጥላውንም አስያዘኝ። ከዚያ ረጅም ብረት አምጥቶ፣ ላዩ ላይ ቆሞበት ብሎኑን ፈታው። ግርማ ገንዘብ ሲያወጣ እጁን መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተለት። ግርማ ግራ ገብቶት በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ» አለው። ሰውየውም በራሱ ቋንቋ መልሶለት ሄደ፤ ዣንጥላውን ትቶልኝ።

ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ደረስን። ገንዳው ያለበት አዳራሽ ሲከፈት የመጣብኝ ሙቀት ሶደሬን አስታወሰኝ፤ ሽታው ግን የበረኪና ነው። መነጽሬ በእንፋሎት ተሸፈነ። ስጠርገው አንዲት ልጅ ሁለት ክንዶቿን እንደ ክንፍ ከውኃው አንስታ እየመጣች ነው። ትነሳለች፣ ትሰጥማለች፣ ትነሳለች። ግድግዳው ጋ ስትደርስ ተጠቅልላ ስትዞር ውኃው እንኳ ያወቀ አይመስልም። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ሳሠለጥን ኖሬአለሁ፤ የተገራ ሰውነት ሳይ አውቃለሁ። ሽበታም አሰልጣኟ ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝና «ያቺ ናት» አለችኝ። እንባዬ መጣ።

ሶልያና ፀጉሯ እንደራሰ አቀፈችኝ። ግርማ መኪናውን ጎማ ቤት ሲወስድ እኔና እሷ ፊት ለፊት ያለ የቬትናሞች ምግብ ቤት ገባን። የሩዝ ፓስታ የሚዋኝበት፣ ቅጠል የተነሰነሰበት ሾርባ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን መጣ። የምግብ ቤቱ ባለቤት መብያ እንጨቶቹ ከእጄ ሲያመልጡ አየችና ሳትጠየቅ ሹካ አመጣችልኝ።

«አክስቴ» አለች ሶልያና። እርስዎ ማለትን ማንም አላስተማራትም፤ አንቺ ስትለኝ ደስ ይለኛል። «ሲክሬት ልንገርሽ? ለማሚ አትነግሪም። ፕሮሚስ?»

«ምንድነው ልጄ?»

«ኦሃዮ ያለ ኮሌጅ ይፈልገኛል። ኮቿ ኮል አደረገችልኝ። እስከ ሳተርደይ አንሰር ትፈልጋለች።»

የዚያ ኮሌጅ አሰልጣኝ ደውላላታለች፤ እስከ ቅዳሜ መልስ ትፈልጋለች። ኦሃዮ በአውሮፕላን ግማሽ ቀን የሚፈጅ አገር ነው። «ትምህርትሽስ?»

«አንዳንዱን ክላስ አይቀበሉም። ዋን ሞር ይር ይጨመራል።» ቅጠሎቹን በሹካ ትገፋለች። «ቲሙ ካልተዘጋ ኖ እላታለሁ፤ ማንም ሳይሰማ ያልቃል። ከተዘጋ ደግሞ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። የእኔ ኮች ብቻ ናት የምታውቀው።»

እሺ አልኳት። ምን ልበላት? ሹካዬን ግን አስቀመጥኩ፤ ግርማ ሊወስደኝ ሲመጣ ሾርባዬ ገና ግማሹ ነበር። ስንመለስ ግርማ «ምን አለችዎት?» ሲለኝ «ደህና ናት» ብዬ መስኮቱን አየሁ።

ረቡዕ

ግርማ ውጤቱን ብቻውን መጠበቅ ስላልቻለ ኦክላንድ፣ አፕታውን ከሚሉት ሰፈር ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤት ወሰደኝ። ቀኑ የፆም ስለሆነ በያይነቱ ቀረበ። ሽሮው መልካም ነው፣ እንጀራው ግን ጎምዛዛነት ይጎድለዋል። ጓደኞቹ ሾፌሮች ተሰብስበው የሚከራከሩት ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ከእነሱ መሐል ጋሽ ታደሰ የሚባሉ፣ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ።

«ነባሮቹ ምን በወጣቸው!» ይላሉ ጋሽ ታደሰ። «ቤቱን የሠሩት እነሱ። ዛሬ በር አንኳኩቶ የገባ ሰው እንዴት እኩል ልብላ ይላል?»

«አንኳኩቶ አልገባም፣ ተጋብዞ ነው» አለ ግርማ።

«የተጋበዘ ሰውስ ቢሆን ጓዳ ይገባል?»

ስለ እድራችን ነገርኳቸው። ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ አዲሶቹን ነዋሪዎች ግማሽ አባል አድርገን ብናስገባ ቂሙ ሳይበርድ ሁለት ዓመት መቆየቱን። ጋሽ ታደሰ «ሴትዮዋ ወደ እናንተ አደሉ» ብለው ሊመልሱልኝ ሲሉ የግርማ ስልክ ጠራ። ሶልያና ናት። ግርማ አነሳው፤ ከወንበሩ ተነሳ፤ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«እኩል!» ብሎ ጮኸ። «ሙሉ ድርሻ! ከመጀመሪያው ቀን!»

የማላውቃቸው ሰዎች አቀፉኝ። የምግብ ቤቱ ባለቤት እልል አለች። ግርማ የሁሉንም ሰው ምሳ እኔ ነኝ የምከፍለው ብሎ አወጀ። ስልኩን ሲያቀብለኝ ሶልያና እያለቀሰች ትስቃለች። «አክስቴ፣ ያንን ፎርጌት አድርጊው። አልቋል።» ከላዬ ላይ ጆንያ የወረደልኝ መሰለኝ።

ጋሽ ታደሰ ተነስተው ግርማን ጨበጡት። «እንኳን ደስ ያለህ። ግን ልጄ፣ ትልቅ ሰርግ ከተጠራህ በኋላ እኮ ልብስ መግዛት ይመጣል።»

በዚያ ጩኸት መሐል ማንም ልብ አላላቸውም። እኔም።

ሐሙስ

ጠዋት ኮሌጁ ተማሪዎችንና ወላጆችን ለስብሰባ ጠራ። ለምስጋና ነው ብለን ነው የሄድነው። አስቴር እንኳ ሺፍቷን ለጓደኛዋ ሰጥታ፣ ለቡድኑ ልጆች ትልቅ ኬክ ገዝታ፣ እስከ ሳን ሆዜ ድረስ ጭኗ ላይ ይዛው ሄደች። ስለ ዋናዋ ደስ ብሏት ስታወራ ያን ቀን ነው የሰማኋት።

አዳራሹ ሞልቷል። የስፖርት ኃላፊው ረጅም፣ ልብሱ ያማረ ሰው ነው። ሶልያና መሐላችን ተቀምጣ እየተረጎመችልኝ ነበር። ኃላፊው እኩል ድርሻ ማግኘታችንን ሲያበሥር ሰው አጨበጨበ። ቀጥሎ ድምፁ ዝቅ አለ። ሶልያና መተርጎሟን አቆመች።

«ምን አለ?» አልኳት።

ወዲያ ጥግ አንዲት ልጅ ጮኸች።

በኋላ ግርማ የነገረኝ ይህን ነው። እኩል አባል ለመሆን እኩል መምሰል ያስፈልጋል፣ አለ ኃላፊው። ስታዲየሙ ይታደሳል፣ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ ይጠናከራል፣ ውድድሩ በአውሮፕላን አገር አቋርጦ መሄድን ይጠይቃል። ስለዚህ ዋናና ሌሎች ሁለት ቡድኖች በዚህ ዓመት ያበቃሉ።

ግርማ ተነሳ። ያለ ማይክ ተናገረ፤ እንግሊዝኛው በንዴት እየተሰባበረ፣ ግን ሁሉም ሰማው።

«ግማሽ ቢሰጧችሁ ልትዘጉት ነበር። ሙሉ ሲሰጧችሁም ዘጋችሁት። ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ለምን አስጸለያችሁን?»

ኃላፊው ማይኩን አስተካከለ። ክፉ ሰው አይመስልም፣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «እኩል ክፍፍሉ በኮሌጆች መካከል ነው» አለ። «በስፖርቶች መካከል አይደለም።»

ግርማ አልተቀመጠም። ሌላ ሰው መናገር ሲጀምርም እንደቆመ ነበር፤ አስቴር እጁን ይዛ አስቀመጠችው። እኔ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ማገናኘት አቅቶኝ ተቀምጫለሁ። ትናንት እልል ያልንለት እኩልነት ኮሌጁ በር ላይ ደርሶ ቀርቷል፤ ወደ ውስጥ አልገባም።

ስንወጣ አሰልጣኟ አስቴርን አቅፋ አለቀሰች። ልታጽናናት ብላ ነው መሰለኝ፣ «ቢያንስ ሶል ኦሃዮ አላት» አለቻት።

አስቴር ከእቅፏ ቀስ ብላ ወጣች። «ምን ኦሃዮ?»

ሶልያና ወደ መሬት አየች። ቀጥሎ አስቴር ወደ እኔ ዞረች፤ ከፊቴ ላይ አነበበችው። ኬኩን ወንበሩ ላይ ትታ ወደ መኪናው ሄደች።

ዓርብ

አስቴር ሳትሰናበተኝ ሥራ ሄደች። ግርማ ሻይ አፍልቶልኝ ሕመምተኞቹን ሊያመላልስ ወጣ። በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ሻንጣዬን አስተካከልኩ፤ ደግሞ አፍርሼ አስተካከልኩ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው ይባላል። እኔ ወደ ብረት ወርጄ ነበር።

አስቴር ከሰዓት በኋላ መጣች። የሥራ ልብሷን ሳትቀይር አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ ከእኔ የደበቀችውን አንቺ በሁለት ቀን አወቅሽው» አለችኝ።

«ለእኔ የነገረችኝ ስለምሄድ ነው። የምትኖሪው አንቺ ነሽ፤ አንቺን ነው የፈራችው።»

«እኔ አስፈራለሁ?»

«እንድታዝኚ አልፈለገችም። እኔም ብነግርሽ እሷን አጣለሁ፣ ባልነግርሽ አንቺን። ያን ዕለት ምሳዬን እንኳ ሳልጨርስ ነው የተነሳሁት።»

የሥራ ጫማዋን ፈታች። «ሾርባ እንኳ ሳትጨርስ ተመለሰች ብሎኝ ነበር ግርማ» አለች፤ ማልቀስ ጀመረች። «እትዬ፣ ይህቺን ልጅ ቅርብ ለማድረግ ስንት ሥራ እንደተውኩ ታውቂያለሽ? ሳን ሆዜ እንኳ ይርቀኛል። ኦሃዮ ብትታመም ማን ይደርስላታል?»

ጎኗ ተቀምጬ ጀርባዋን ዳሰስኳት።

አመሻሽ ላይ ሶልያና በባቡር መጣች፤ ግርማ ከጣቢያው አመጣት። ሳትቀመጥ፣ «ኦሃዮ ኮል ላደርግ ነው። እናንተ እያላችሁ። ከዚህ በኋላ ሲክሬት የለም» አለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

የኦሃዮዋ አሰልጣኝ ድምፅ ወጣት ነው፣ ሞቅ ያለ ነው። ስለ ገንዳው፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ልጆቹ አወራች። ግርማ ክንዱን አጣምሮ ሲያዳምጥ ቆየና አቋረጣት።

«የእናንተስ ኮንፈረንስ?»

ከስልኩ ውስጥ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ለእኛም ግብዣ መጥቷል» አለች በመጨረሻ። «ኮሌጃችን እየተነጋገረ ነው። ስለ ዋና እስካሁን ያሉን ነገር የለም። ዋሺን አትበሉኝ፤ ቃል ልገባላችሁ አልችልም።»

ግርማ ራሱን ያዘ። ሶልያና ከንፈሯን ነክሳ አባቷን ታያለች። ያንኑ ነገር ሸሽታ ወደዚያው ልትሄድ ነው። በዚህ ጊዜ አስቴር ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበችና ስልኩ ላይ ጎንበስ አለች። በዚያ ከምትጦራቸው አረጋውያን በተማረችው እንግሊዝኛ፣ ቀስ እያለች፦

«እኔ እናቷ ነኝ። ሊዘጉት ከሆነ አንቺ ቀድመሽ ትሰሚያለሽ?»

«ሳልሰማ አልቀርም።»

«የሰማሽ ዕለት ለእኔ ትደውያለሽ? አዳራሽ ጠርተው ከመንገራቸው በፊት። ኢሜይል አይደለም። ድምፅሽን ነው የምፈልገው።»

«እደውልልሻለሁ» አለች ሴትዮዋ። «ይህን ቃል እገባለሁ።»

አስቴር ቀና አለችና ልጇን በአማርኛ፣ «ሂጂ» አለቻት።

«ማሚ?»

«ሂጂ አልኩሽ። ሐሳቤን ሳልለውጥ ንገሪያት።»

ቅዳሜ

አውሮፕላኔ ማታ ስለሆነ ሻንጣዬ መኪናው ውስጥ ተጭኖ ነው ወደ ውድድሩ የሄድነው። የቡድኑ የመጨረሻ የሜዳው ውድድር ነው። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ስወጣ በሌላ በር ተሳሳትኩና ራሴን በእንግዳው ቡድን ወላጆች መሐል አገኘሁት። ልመለስ ስል አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ፤ የተላጠ ብርቱካን እጄ ላይ አስቀመጠች። «የማን ነሽ?» አለችኝ። ከወዲያ ማዶ ያለችውን ሶልያናን ጠቆምኳት። የቡድኑን መዘጋት ሰምታለች መሰል፣ ፊቷ ጨለመ፤ እጄን ይዛ አልለቀቀችውም።

ሶልያና በዚያ ክንድ እንደ ክንፍ በሚነሳበት ዋና ሁለተኛ ወጣች። ያሸነፈቻት የዚህችው የሴትዮዋ ልጅ ናት። አንዲት ጣት በማትሞላ ርቀት ነው። ሴትዮዋ አልጮኸችም፤ ልጇ ቀድማ ግድግዳውን ስትነካ እንኳ ከእኔ እኩል ትንፋሿን ይዛ ነበር።

የመጨረሻው ቅብብል ሲያልቅ የእኛ ልጆች ሁሉ ዘለው ገቡ፤ መሐል ገንዳው ላይ ተያይዘው ክብ ሠሩ። ዳኛው እንዲወጡ ፊሽካ ነፋ። አልወጡም። ደግሞ ነፋ። ያን ጊዜ ያቺ ያሸነፈችው ልጅ ፎጣዋን ጥላ ዘለለች፤ ከኋላዋ የእንግዳው ቡድን ልጆች በሙሉ ተከተሏት። ክቡ እየሰፋ ገንዳውን ሞላው። የየትኛው ኮሌጅ ልጆች እንደሆኑ መለየት አልቻልኩም፤ የሁሉም ራስ ርሷል። አስቴር ከወዲያ ማዶ ደረጃውን ወርዳ ውኃው አፍ ላይ ቆማለች። ጫማዋ ርሷል፣ አላወቀችም። ዳኛው ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተውና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ አየር ማረፊያ ወሰዱኝ። አስቴር በሩ ላይ አቅፋኝ ብዙ ቆየች። ስለ ኦሃዮ አላነሳንም፤ እግርሽን በአውሮፕላኑ ውስጥ ከፍ አድርጊው ብቻ አለችኝ።

ሶልያና በክረምቱ ሄደች። ግርማ እሷን ሊያደርስ አገር አቋርጦ ነዳ፤ የኦሃዮዋን አሰልጣኝም በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። አስቴር ስልኳን ሺፍት ላይ እንኳ ከእጇ አትለይም፤ የማታውቀው ቁጥር ሲጠራ የያዘችውን ሁሉ ትታ ታነሳለች። ትናንት አስቴር ደውላልኝ ነበር። የኦሃዮው ኮሌጅ የኮንፈረንስ ጉዳይ ገና አልለየለትም አለችኝ። እስካሁን ግን ሶልያና ትዋኛለች።